የቅበላው ቅዳሜ በእንጦጦ ቁልቁለት

ባለፈው የካቲት አንድ ቀን ልጄ ሊያ ቀይ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ስትሽከረከር አገኘኋት። ከእጮኛዋ ጋር እንጦጦ ፓርክ ሊውሉ ነው። ፈረስ እንጋልባለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ምሳ እዚያው እንበላለን ትላለች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ።

“እማ፣ በእናንተ ጊዜ ቫላንታይን ነበር ግን?” አለችኝ የጆሮ ጌጧን እያደረገች።

እኔ ሳልመልስላት አባቷ ደረጀ ከጓዳ ሆኖ ቀደመኝ። “ነበር እንጂ! እናትሽ በባዶ እግሯ ነው ያከበረችው።”

ሊያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እጮኛዋ በር ላይ ደውሎ ስለነበር ጉንጬን ስማኝ እየሮጠች ወጣች። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የያዝኩትን ወረቀት ሁለት ጊዜ ባነበውም ምን እንደሚል አልገባኝም። ሐሳቤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ ቅዳሜ ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሸኖ ነበርን። ሸኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ንፋሷ ጆሮ የሚቆርጥ፣ ቅቤዋን ግን አገር የሚያውቅላት ከተማ ናት። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው አማርኛ አስተምር ነበር። ደረጀ ደግሞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልዶ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የሳይንስ መምህር ሆኖ ተመድቦ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሹራብና አንድ ካፖርት ደርቦ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ “ቲቸር ብርድ ልብስ” የሚል ስም አወጡለት። እኔም ከተማሪዎቹ ጋር የሳቅኩ ነኝ። በዓመቱ ግን ብርዱን እሱ ለመደው፣ እኔ ደግሞ እሱን።

ፍቅራችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም አልራቀም። አባቴን እፈራ ነበር። አባቴ በከተማው የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ፤ የሰው ልጅ ለትዳር ሲጠየቅም የጠያቂውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚያስቆጥሩ እሳቸው ናቸው። የሌላውን ልጅ ባል እንዲህ ካበጠሩ የራሳቸውን ልጅ ሲሆን ምን ሊያደርጉ ነው? ደረጀ አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ፣ እናቱ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት እየተሸከመች ያሳደገችው ልጅ መሆኑን አልደበቀኝም። ነገሩን ሲነግረኝ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ፈጠን ብሎ ይጨምርበታል፦ “አሁን ትታዋለች። ሥራ የያዝኩ ዕለት አስተውኳት። በራችን ላይ ጉሊት ትቸረችራለች።”

የፍቅረኞች ቀን የሚባለውን በሬዲዮ የሰማው እሱ ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ በአንቴናው ላይ ሽቦ እየጨመረ የአዲስ አበባን ወሬ ይጠልፍ ነበር። “የፊታችን ቅዳሜ ነው። አዲስ አበባ እንዋላ” አለኝ። ያ ቅዳሜ ደግሞ የቅበላ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ሁዳዴ ከገባ በኋላ እንኳን ጥብስ፣ ወተት ያለበት ማኪያቶም የለም። “ቀኑ የተመረጠ ነው” ብለን ሳቅን።

አባቴን ከጓደኛዬ ጋር አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ አልኳቸው። ጓደኛዬ ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ለጉዞው ከአንዲት መምህርት ቀይ ታኮ ጫማ ተዋስኩ። ቁጥሩ ከእግሬ ትንሽ ያንሳል፤ ግን ቀይ ነው። ለደረጀ ሳልነግር ደግሞ አንድ ኪሎ ያህል ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ፣ በፌስታል ደርቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እናቱ ዘንድ ይወስደኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የሸኖ ልጅ የሰው ቤት ባዶ እጇን አትገባም።

በማለዳው መኪና ስንጓዝ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። ሰንዳፋን አልፈን ለገጣፎ ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ አለች፤ ኮተቤ ስንገባ ደግሞ ቅቤዬ መሽተት ጀመረ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ዘወር ብለው፣ “የሸኖ ነው አይደል?” አሉኝ። ደረጀ ስለ ከተማዋ የሚያወሩ መስሎት “አዎ፣ ከሸኖ ነን” አላቸው።

መገናኛ ስንወርድ ቀይ ፊኛ፣ ቀይ ከረሜላ፣ ልብ የተሣለበት ትራስ በየጥግ ይሸጣል። ደረጀ አንድ ጽጌረዳ ገዛልኝ። በሕይወቴ አበባ ተገዝቶልኝ ስለማያውቅ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አላወቅኩም፤ እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። አራት ኪሎ ምሳ ስንበላ ሥጋ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከተማው ግማሹ ለፍቅረኛው፣ ግማሹ ለቁርጥ የተሰለፈ ይመስል ነበር። እኛም ጥብስ በላን፣ ኬክ በላን፣ ከዚያ ሲኒማ እስኪከፈት ድረስ ምን እናድርግ ተባባልን።

“እናትህ ቅርብ አይደሉም እንዴ? ሳናያቸው ልንመለስ ነው?” አልኩት።

ፊቱ ትንሽ ጨፈገገ። “ፀዲ፣ ዛሬ የኛ ቀን ይሁን። ለፋሲካ ተነግሯት፣ ተዘጋጅታ ነው የምታገኚያት። ድንገት ብንገባ ቤቷ ሳይሰናዳ ታፍራለች።”

እውነት አለው ብዬ ተውኩት። ቅቤውን ምን ላደርገው ነው እያልኩ ግን ከፋኝ። መከፋቴን አይቶ ይሁን፣ ሌላ ነገር ሊያደርግልኝ ፈለገ። ከተማውን ከላይ ማየት እንደምመኝ ነግሬው ነበር፤ በኛ አገር ሁሉ ነገር ሜዳ ስለሆነ ከፍ ብሎ ቁልቁል ማየት አላውቅም። “ነይ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መውጫው ላይ የማውቀው ቦታ አለ” ብሎ እጄን ያዘኝ። “ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ!” እያለ የሚጣራ ሚኒባስ ውስጥ ገባን።

ፈረንሳይ ስንደርስ በሰፈሩ መሐል እንዳያሳልፈኝ በሌላ ቅያስ አዞረኝ። ዳገቱ የጀመረው ወዲያው ነው። አስፋልቱ አለቀና ቀይ አቧራ ጀመረ፤ ከዚያ ባሕር ዛፍ ብቻ ሆነ። ሽታው አፍንጫን ከፍቶ የሚገባ ነው። ከታች የከተማው ጩኸት እየራቀ፣ ከላይ የቅጠሉ ሹክሹክታ እየቀረበ መጣ። እንደኛ የለበሱ ሌሎች ጥንዶችም አለፍ አለፍ ብለው ይታያሉ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ደግሞ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክሙ በወርዱ ጀርባቸው ላይ ስለሚታሰር አንዲት ሴት መንገዱን ሙሉ ትይዘዋለች። በመጡ ቁጥር ዳር እየያዝን አሳለፍናቸው። ደረጀ ሁሉንም አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ “በርቱ” ይላቸው ነበር።

አንድ መታጠፊያ ላይ ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ቀድመው አለፉ። ሦስተኛዋ ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ከሸክሙ ሥር ግንባራቸው ብቻ ነበር የሚታየው። አጠገባችን ሲደርሱ መንገዱ ላይ የቆመውን ለማየት ቀና አሉ። ደረጀን አዩት። ከዚያ እኔን፣ ቀዩን ጫማዬን፣ አበባውን አዩ። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ በጠርዙ በኩል ተጠግተው አለፉን።

እኔ ምኑንም ስላላወቅኩ፣ “ያበርታዎት፣ እናቴ” አልኳቸው።

“አሜን፣ ልጄ” አሉኝ ሳይዞሩ።

ወደ ደረጀ ስዞር ቆሟል። ዳገቱ አድክሞት መሰለኝ። ፊቱ ላይ ያለው ግን ድካም አልነበረም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ ጫካውን የሚያስተጋባ ድምፅ አወጣ።

“እማዬ!”

ሴትዮዋ አልቆሙም። እንዲያውም እርምጃቸውን አፈጠኑ። ደረጀ ቁልቁል ሮጠ። በዚያ ለቅበላ በተተኮሰ ሱፉ አቧራ እያስነሳ ሮጦ ደረሰባቸውና ከፊታቸው ቆመ።

“ሂድ፣ ሂድ የኔ ልጅ። ሰው ይዘህ የለ?” ይሉታል።

“እማዬ፣ ትቼዋለሁ አላልሽኝም?”

“ለቅበላ ብዬ ነው። ለዛሬ ብቻ ነው።”

ቀድመው የሄዱት ሁለቱ ሴቶች ድምፁን ሰምተው ቆመው ነበርና አንደኛዋ ሳቀች። “አስካለ፣ የቱ ቅበላ? የዘንድሮው ነው ወይስ የአምናው?”

ደረጀ ነገሩ ገባው። አንድም ቀን አልተውትም ነበር። በጉሊቱ ነገር ለሁለት ዓመት አሞኝተውታል።

“እሺ፣ ለምን አልፈሽኝ ሄድሽ?” አለ።

“የሰው ልጅ ይዘህ አየሁህ። እንዲህ ሆኜ ምን ብዬ ላስቁምህ?”

ደረጀ ከደረታቸው ላይ የተቋጠረውን ገመድ መፍታት ጀመረ። እሳቸው እጁን ይይዙታል፣ “ሱፍህ! ሱፍህ!” ይላሉ። “ይቅር ሱፉ!” አለና ሸክሙን ወደ ራሱ ጀርባ አዞረው። እኔ በአንድ እጄ አበባ፣ በሌላው ቅቤ የሚያንጠባጥብ ቦርሳ ይዤ ከላይ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ በታኮ ጫማዬ መውረድ ሞከርኩ። መውጣቱ ያላሳየኝን ሥቃይ መውረዱ አሳየኝ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ጫማውን አውልቄ በእጄ ያዝኩት።

ወይዘሮ አስካለ ስደርስባቸው እግሬን አይተው ጮኹ። “ምነው ልጄ! ያለመደ እግር! በይ የኔን አድርጊ።” የላስቲክ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ በስንት ልመና አስተውኳቸው።

እንዲህ ሆነን ወረድን። ፊት ለፊት ደረጀ በሱፉ ላይ እንጨት ተሸክሞ፣ ከኋላው እናቱ፣ ከእሳቸው ኋላ እኔ በባዶ እግሬ። ደረጀ ሸክም ከተማሪነቱ ወዲህ አልነካም፤ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። “ጎንበስ በል እንጂ! ወገብህን አትገትር! በጉልበትህ ያዘው!” እያሉ እናቱ ከኋላ ይቆጣሉ። ወደ ላይ የሚወጡት ጥንዶች ቆመው ያዩናል። አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ስትስቅ አየኋትና ምንም አልመሰለኝም።

ጫካው ሊያልቅ ሲል አንድ የጫካ ጥበቃ ዱላውን ይዞ ከዛፎቹ መሐል ወጣ። የወደቀ ጭራሮ መልቀም ይፈቀዳል፤ የቆመ ዛፍ መቁረጥ ግን አይፈቀድም። ጥርጣሬ ካለው ሸክሙን ሊወርሰው ይችላል። ወይዘሮ አስካለ ያን የመሰለ ቁጣቸው በአንድ ጊዜ ጠፋ። “ደረቅ ነው ጌታዬ፣ እርጥብ የለበትም” ብለው እጃቸውን አጣጠፉ።

ጥበቃው ግን ዓይኑ ሱፉ ላይ ነው። “አንተ ሰው፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?”

“ጨዋታ አይደለም። እናቴ ናት” አለው ደረጀ ከሸክሙ ሥር።

ጥበቃው ከሸክሙ አንድ ጭራሮ መዝዞ ሰበረ። ቀጭ አለ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ባዶ እግሬን፣ ጫማዬን፣ ጽጌረዳዬን አየ።

“አንቺስ?”

“ምራታቸው ነኝ” አልኩት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሽማግሌ አልተላከ፣ ቀለበት አልታሰረ፣ በሁለታችን መካከል እንኳ ቃሉ ተነሥቶ አያውቅም። ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው ቀና አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ አዩት። ጥበቃው ራሱን ነቅንቆ፣ “በሉ እለፉ። ዛሬ የማየው ሁሉ ግራ ነው” ብሎ ተመለሰ።

ጥቂት እንደሄድን ከእንጨቱ ሥር ድምፅ መጣ። “ሰማሁሽ” አለኝ ደረጀ። ቀና ማለት ስላልቻለ ጆሮው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

እንጨቱን ለቅበላ ዳቦ ለምትጋግር ጎረቤት አስረክበን ወደ ቤታቸው ገባን። አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ፣ መደቡ ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበታል። ደረጀ ቤቱ ሳይሰናዳ ያለው ይሄን ከሆነ የኛን ቤት አላየም። እኔ ገና ሳልቀመጥ ወይዘሮ አስካለ ለብ ያለ ውኃ በጨው አመጡና እግሬን ያዙ። “ኧረ በሞቴ፣ እማማ!” ብልም አልሰሙኝም። ተረከዜ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ቀስ አድርገው አጠቡት፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት፣ ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡት ያዙት። እጃቸው እንደ ዛፍ ልጥ የሻከረ ነው፤ አያያዛቸው ግን የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው ነበር።

“አባት አሉሽ?” አሉኝ።

“አሉ።”

“ዘር ይጠይቃሉ?”

መዋሸት አልቻልኩም። “ይጠይቃሉ።”

እግሬን እንደያዙ፣ “እንግዲያው ነጋዴ ናት እንዳትያቸው፣ ልጄ። እንጨት ተሸካሚ ናት በያቸው። ኋላ ከሰው አፍ ከሚሰሙት፣ አሁን ካንቺ ይስሙት” አሉኝ።

ደረጀ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተቀደደ የሱፉን እጅጌ እያየ፣ “እማዬ፣ ከእንግዲህ አትወጪም” አለ።

“አንተ ደግሞ ዝም በል። ብቻዬን ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላዋራ ነው? እዚያ ጓደኞቼ አሉ። ስችል እወጣለሁ፣ ሲያቅተኝ እተዋለሁ።”

ይሄን ያሉት ያለ ምንም ቁጣ ነው። እኔ ያን ጊዜ ነው ቅቤውን ያወጣሁት። ግማሹ ቀልጦ ቦርሳዬን አበላሽቷል። ወይዘሮ አስካለ አሽትተውት ዓይናቸው በራ። “የሸኖ!” አሉ። ሽሮ ሠሩ፤ እንቁላል ጠበሱ፤ በሁለቱም ላይ ቅቤውን ያለ ስስት አፈሰሱበት። አራት ኪሎ የበላነው ጥብስ ከሆዴ ተረሳ። ሲኒማውም ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን መኪና ይዘን ተመለስን።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተ ሰቡ ለቅበላ ማዕድ ከቦ ሳለ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ያነሡትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

“መንገድ ላይ ስታየው ሸሸችው?” አሉኝ።

“ሸሸችው፣ አባባ።”

“እሱስ?”

“ሮጦ ደርሶባት ሸክሙን ተቀበላት።”

“በሱፉ?”

“በሱፉ።”

እጃቸውን አበሱ። ተበላሸ ብዬ አቀርቅሬ ሳለሁ፣ “ሁዳዴ ይለፍ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላክ” አሉ። እናቴ ስለ ዘሩ ልታነሣ ስትል በእጃቸው ገቷት። “ሰባት ቤት አላስቆጥረውም። አንዷ ትበቃኛለች።”

በግንቦት ተጋባን። ወይዘሮ አስካለ ሠርጉ ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱ ስለ ቅቤና ስለ ማገዶ ሲያወሩ አመሹ። እንጨቱን ግን ወዲያው አልተዉም። እንዳሉትም ሲያቅታቸው ነው የተዉት፤ ያ ደግሞ ሊያ የተወለደች ዓመት ነበር። እኛ ዘንድ ኮተቤ መጥተው ሊያን በጀርባቸው አዝለው ሲዞሩ፣ “ይህቺ ጀርባ ሥራ መፍታት አትወድም” ይሉ ነበር። ሲያርፉም የሚያውቋቸው ሴቶች ከእንጦጦ ድረስ ወርደው ቀበሯቸው።

የዚያን ቀን ነገር በቤታችን ብዙ አይወራም። ሊያም የምታውቀው አያቷን እንጂ ቁልቁለቱን አይደለም። አሁን ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ሰፍቶ፣ አስፋልት ለብሶ፣ መኪና በመኪና ላይ ሆኗል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ግን አሁንም አልፎ አልፎ በዳሩ ይወርዳሉ። ደረጀ በመጡ ቁጥር መኪናውን ያቆማል። አያቀዘቅዝም፤ ያቆማል። የመጨረሻዋ እስክታልፍ ድረስ አይነሣም። አንድ ጊዜ፣ “መንገዱ ይበቃል እኮ፣ ለምን ትቆማለህ?” ብዬው ነበር።

“ቀና ብትል፣ አልፌያት ስሄድ እንዳታየኝ ብዬ ነው” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም። ሲያቆም እኔም መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁና “ያበርታችሁ” እላቸዋለሁ። አንዳንዷ “አሜን” ትላለች፤ አንዳንዷ ድካሙ ስለከበዳት ዝም ብላ ታልፋለች። ፍቅር ምን እንደሆነ እኔ ለልጄ የማስተምራት ብዙ ነገር የለኝም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ጥቂት ቆሞ፣ ከዚያ ጮኾ ሲጣራ ሰምቻለሁ። ያንን ሰው ነው ያገባሁት።